ስም የለሽ ስለት

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ብሎ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ይኖራል ብዬ አላምንም። ነጋዴው ገበያው ሲደምቅለት ይላታል፤ ሽማግሌው ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሲቸኩል ይላታል፤ ሹሙም ስብሰባ መሐል ጣል ያደርጋታል። ልባም ሰው ሲመሰገን አእምሮው ስል ነው ይባላል፤ ሰነፉ ሲነቀፍ ደግሞ ደነዝ ይባላል። እንዲህ ሲታይ ቋንቋችን ከወናፍና ከመስፍ አጠገብ ተቀምጦ ያደገ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚያው ቋንቋ «ቀጥቃጭ» የሚለው ቃል ለዘመናት ስድብ ሆኖ ኖሯል። ምሳሌውን ከምድጃው ወስደን ባለምድጃውን ደጅ የተውነው ምን ብንሆን ነው?

ይህን ጥያቄ የማነሣው የታሪክ ሊቅ ሆኜ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ክፍል የማትሰፋ ሱቅ አለችኝ። የምሸጠው የወጥ ቤት ቢላዋ ነው፤ ያውም ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን ቀጥቃጮች በየደጃፋቸው ሠርተው የሚያመጡልኝ። የሽንኩርት መክተፊያው፣ የዶሮ መበለቻው፣ የቋንጣ መዘልዘያው፣ የቁርጥ ካራው ሁሉ በየዓይነቱ አለ። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ለዓረፋም ሱቋ ትጨናነቃለች፤ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እኔም ቢላዎቹም አብረን እንጾማለን።

ገዢው ቢላዋውን ሲያነሣ አስቀድሞ የሚያየው ስለቱን አይደለም። አገላብጦ ጽሑፍ ይፈልጋል። ከውጭ የመጣ ቢላዋ ከእጀታው ከፍ ብሎ አንዳች ነገር ተጽፎበታል፤ ወይ የከተማ ስም፣ ወይ የሠሪ ስም፣ ወይ ትንሽ ሥዕል። የኛው ልሙጥ ነው። «ቀጥቃጩ ፊደል ስላልቆጠረ ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ ይህን መልስ አልቀበለውም። ምልክት ለመምታት ፊደል መቁጠር አያሻም፤ ሦስት ነጥብ ወይም አንዲት ጭረት ትበቃለች። ማንበብ የማይችል ከብት አርቢ እንኳ የከብቱን ጭን ተኩሶ የራሱ መሆኑን ያሳውቃል። የቢላዋው ልሙጥነት ሌላ ታሪክ አለው፤ ይህ ጽሑፍ የሚከተለውም ያንን ነው።

ከአዱሊስ ወደብ

አንዳንድ ሰው «የውጭ ቢላዋ ገበያችንን ያጥለቀለቀው ትናንት ነው» ይላል። ነገሩ ግን የትናንት አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ወደቦች እየዘረዘረ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» በሚባለው በዚህ መጽሐፍ የአክሱም መንግሥት ወደብ ስለነበረችው ስለ አዱሊስ ሲተርክ፣ ወደዚያ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ለጦር መሥሪያ የሚሆን ብረት፣ መጥረቢያ፣ መጥረቢያ መሰል ጥርብ መሥሪያና ሰይፍ ይቆጥራል። ከሕንድ ደግሞ ብረትና የጠነከረ ብረት፣ ዛሬ አረብ ብረት የምንለው ዓይነት፣ በመርከብ ይመጣ እንደነበር ይናገራል።

ከዚህ የምንረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ግድም በዚህ አካባቢ ጥሩ ስለት ፈላጊ እንደነበረና ለዚያም ዋጋ ይከፍል እንደነበር ነው። ሁለተኛው፣ ቁራጭ ብረት ከገባ ዘንድ ያንን ብረት አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ስለት የሚያወጣለት ሰው እዚሁ ነበረ ማለት ነው። ግዕዝም ለሁሉም ስም አለው፤ ብረቱን ሐፂን፣ ቀጥቃጩን ነሃቢ፣ ቢላዋውን መጥባሕት ይለዋል። ዛሬ የምንጠራው «ቢላዋ» ደግሞ ከሶማሊኛው «ቢላዌ» ጋር አንድ ድምፅ አለው፤ ዕቃው ከበረኸኛው ጋር ሲገበያይ የኖረ መሆኑን ስሙ ራሱ ይመሰክራል።

የውጭው ብረት ቢገባም የአገሩም አልተተወም። በልዩ ልዩ ቦታ ብረት ያዘለ ድንጋይና አፈር እየተቆፈረ፣ በከሰል እሳት እየነደደ፣ ብረቱ ይወጣ ነበር። በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት ዲሜዎች በዚህ ሙያ የታወቁ ነበሩ፤ ያወጡትም ብረት ለጎረቤት ሕዝቦች ይተርፍ ነበር። ይህ ሥራ አድካሚ ነው። ለአንዲት ማረሻ የሚበቃ ብረት ለማግኘት ብዙ ከሰል ማክሰል፣ ወናፉንም ያለ ዕረፍት መንፋት ያስፈልጋል። ከባሕር ማዶ ርካሽ ብረት በብዛት መግባት ሲጀምር አቅላጩ እቶኑን ተወ፤ ቀጥቃጩ ግን በተገኘው ብረት መሥራቱን ቀጠለ።

ጠቢብና ጠይብ

በአማርኛ ቀጥቃጩን ለማንቋሸሽ ከሚነገሩት ቃላት አንዱ «ጠይብ» ነው። የቋንቋ ሰዎች ይህን ቃል «ጠቢብ» ከሚለው ጋር ያዛምዱታል። እንግዲህ ጥበብን የሚያመለክት ቃል አፋችን ውስጥ ሲገላበጥ ስድብ ሆኖ ወጣ ማለት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ «ቡዳ» መባሉ ነው። ቀጥቃጩ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። በዚህም የተነሣ ማዕድ አብሮ መቅረብና ጋብቻ ተከለከለው። ማረሻውን ግን ከእጁ ይቀበሉታል፤ የሠራውን ቢላዋም ሥጋ ይቆርጡበታል። ነገሩ ሲታሰብ ግራ ያጋባል። ሰውየው አብሯቸው እንዳይበላ የከለከሉት ሰዎች ያለ እሱ ቢላዋ አይበሉም ነበር።

የዚህ ንቀት ምንጭ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚጎላብኝ ግን የመሬት ነገር ነው። ርስት ክብር በሆነበት አገር ርስት የሌለው ሰው በእጁ ሥራ ይኖራል፤ በእጁ የሚኖረውም ርስት የለሽ መሆኑ ይታወቅበታል። ለዚህ ትልቁ ምስክር የቤተ እስራኤሎች ታሪክ ነው። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው ንጉሥ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው ብሎ እንደ ፈረደባቸው በትውፊት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ወንዶች በቀጥቃጭነትና በግንበኝነት፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ተዳደሩ። በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ዋና ከተማ ስትሆን ቤተ መንግሥቱ ያለ ግንበኛ፣ ያለ አናጢና ያለ ቀጥቃጭ አይቆምምና ከእነዚሁ ሰዎች እጅ ላይ ወደቀ። የጎንደርን ግንብ እናደንቃለን፤ የነገሥታቱንም ስም በተራ እንቆጥራለን። መሮውንና መዶሻውን የሠራው ቀጥቃጭ ማን እንደነበረ የሚነግረን ግን የለም።

ይህ ብቻ የኛ ነው ማለቴ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት የመዳብና የብረት ሠሪ ሆኖ አስቀድሞ የሚጠራው ቱባልቃይን ከቃየል ዘር ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ፤ በእስራኤል ምድር ቀጥቃጭ ስላልነበረ ሰዉ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ፣ ለማሳያውም ገንዘብ ይከፍል ነበር። ጦርነት ሲመጣ በሕዝቡ እጅ ሰይፍም ጦርም አልተገኘም። ቀጥቃጭ የሌለው አገር ስለቱን ከጠላቱ ደጅ እንደሚለምን ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የተናገረ ሌላ ታሪክ አላውቅም።

ከጋፋት እስከ አዋጁ

ይህን እውነት በደንብ የተረዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለወንጌል የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ እንዲሠሩ አደረጉ። ከዚያም ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ተወለደ፤ ያን ሸክም በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። መድፉ ስም አለው። እንደ ዋልድማየር ያሉት አውሮፓውያን ስማቸው በየመጽሐፉ ይነሣል። ከሰል ያከሰለው፣ ወናፍ የነፋው፣ ብረት ያቀለጠው አገሬው ግን በጅምላ «ሠራተኛው» ተብሎ አልፏል። ቴዎድሮስ የቀጥቃጭን እጅ ፈለጉት፤ የቀጥቃጭን ስም ከስድብ ለማውጣት ግን ዕድሜ አልሰጣቸውም።

ያንን የሞከሩት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ እያሉ፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ጸሐፊውንና ነጋዴውን በየሙያው እየዘለፉ መስደብ ክልክል መሆኑን ተናገሩ። ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ነው አሉ። ስድቡ በዚሁ ከቀጠለ ማረሻ የሚሠራ እንኳ ጠፍቶ አገሩ ባዶውን ይቀራል ብለው ሠጉ። ተላልፎ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ።

ይህን አዋጅ ባነበብኩት ቁጥር አንድ ነገር ያስገርመኛል። ምኒልክ ሰዎች ቀጥቃጭን እንዲወዱ አልለመኑም፤ የተናገሩት ስለ ማረሻ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና እየተገነባች ነበር፤ ግንበኛና አናጢ፣ ሸማኔና ቀጥቃጭ ከየአውራጃው ይፈለግ ነበር። ዛሬም የሸክላና የብረት ሠሪዎች ሰፈር በመሆን የምትታወቀው ቀጨኔ የዚያ ዘመን ትዝታ አላት። አዋጁ ትልቅ ነገር መሆኑን ማንም አይክደውም። ስድብን በአደባባይ ወንጀል ማድረግ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን አዋጅ ከአፍ የሚወጣውን ይከለክላል እንጂ በልብ ያለውን አይደርስበትም። ሰዉም ቀስ ብሎ ሌላ መንገድ አገኘ፤ መስደቡን ትቶ ዝም አለ። ዕቃውን ይገዛል፣ የሠሪውን ስም ግን አይጠይቅም። ቢላዋው ልሙጥ ሆኖ የቀረው በዚህ ዝምታ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ትልልቅ ለውጦች መጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስት የማያውቀው ባለሙያም በሕግ የመሬት ተጠቃሚ የመሆን መብት አገኘ። በደርግ ዘመን የእጅ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁም ተደረገ። ሁለተኛው ለውጥ ስደት ነው። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በእነዚያ ሁለት የግንቦት ቀናት ብቻ ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው ተጓጓዘ። ሰዎቹ የናፈቁት አገር ደረሱ፤ ወናፉና መስፉ ግን እዚሁ ቀረ። በጎንደር ዙሪያ ማረሻውን ለማሳል የቀጥቃጩን ደጅ የለመደ ገበሬ ባዶ ምድጃ ጠበቀው። ምኒልክ የፈሩት ነገር በስድብ ብቻ ሳይሆን በሌላም መንገድ መጣ።

ባሌስትራ

አሁን ወደ ቢላዋው ልመለስ። ሱቄ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ቢላዎች አንድ ጊዜ የጭነት መኪና ሆነው ጎማና ጓዝ ተሸክመው የዞሩ ናቸው ብል የሚያምነኝ ጥቂት ነው። እውነቱ ግን ይኸው ነው። ሾፌሮች በጣሊያንኛ ባሌስትራ የሚሉት፣ ከመኪናው ሥር ተደራርቦ የሚታሰረው ተለጣጭ ብረት ሲሰበር ወይም ሲያረጅ ወደ መርካቶ ይመጣል። መርካቶ ራሷም የጣሊያን ዘመን ልጅ ናት፤ ዋናው ገበያ ከዚያ በፊት ጊዮርጊስ አጠገብ አራዳ ላይ ነበር። በመርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ቦታ የተጣለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ነፍስ የሚዘራበት ነው፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ቆርቆሮው ማንቆርቆሪያ ይሆናል፣ ባሌስትራውም ቢላዋ ይሆናል።

ባሌስትራ ለምን ተመረጠ ቢባል መልሱ በብረቱ ባሕርይ ላይ ነው። ከድንጋይ ቀልጦ የሚወጣው የጥንቱ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ነበር፤ ቶሎ ይዶለዱማል። ባሌስትራ ግን መጠነኛ ካርቦን የገባበት ጠንካራ ብረት ነው። ቀጥቃጩ ከከሰሉ እሳት ውስጥ አግሎ ያወጣዋል፤ በመዶሻ እየመታ ያሳሳዋል፤ ቅርጹን ካስያዘው በኋላ እንደገና አግሎ ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ያን ጊዜ ብረቱ እንደ ጠርሙስ ይጠነክራል፤ እንደ ጠርሙስም ይሰበራል። ስለዚህ በልኩ መልሶ ያሞቀውና ያለዝበዋል። ይህ ልክ ቴርሞሜትር የለውም፤ የሚታወቀው በቀለም ነው። ብረቱ ገለባ ሲመስል አንድ ነገር ነው፣ ወደ ሰማያዊ ሲሄድ ሌላ ነው። ጥቂት ቢዘገይ ስለቱ ይሞታል፣ ጥቂት ቢቸኩል ቢላዋው አጥንት ላይ ይፈነጠራል። ቀጥቃጮቹ ከሰዓት ይልቅ ጨለምለም ያለ ጥግ የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ቀለሙ በፀሐይ ውስጥ አይታይም። ከዚያም ከወይራ ወይም ከቀንድ እጀታ ይበጅለታል።

ይህ ቢላዋ ይዝጋል። ሽንኩርት ሲከትፍበት ይጠቁራል፤ ታጥቦ እርጥቡን ካደረ ቡናማ ይሆናል። የማይዝግ ብረት እ.ኤ.አ. በ1913 እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ከተገኘ ወዲህ ሰዉ የሚያብረቀርቅ ቢላዋ ለምዷል። «ዛገብኝ» ብላ ለምትመልስልኝ ሴት ማድረቅና ዘይት መቀባት ብቻ እንደሚበቃ እነግራታለሁ፤ ሲዶለዱምም በቀላሉ ይሳላል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት በሁለቱ ዓይነት ቢላዋ ከትፋ ያየች ሴት ከዚያ በኋላ ብዙ አትከራከረኝም።

የሌሎች ምልክት

ታዲያ ሌላው ዓለም ቢላዋው ላይ ስም መጻፍ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? በሼፊልድ የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1624 በፓርላማ ሕግ ተቋቋመ። ማኅበሩ የእያንዳንዱን ሠሪ ምልክት ይመዘግባል፤ የሌላውን ምልክት አስመስሎ የመታን ይቀጣል። ምልክት ማግኘት ለአንድ ቀጥቃጭ ከተለማማጅነት ወጥቶ ጌታ የመሆን ያህል ነበር። በጀርመን ዞሊንገን ደግሞ የከተማዋ ስም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1938 በሕግ ተጠበቀ፤ በዚያ ያልተሠራ ቢላዋ ስሟን እንዳይሸከም ተከለከለ።

የጃፓን ታሪክ ለኛ ይበልጥ ቅርብ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1876 የጃፓን መንግሥት ሰይፍ መታጠቅን ሲከለክል የሰይፍ ቀጥቃጮች ሥራ አጡ፤ ብዙዎቹ እጃቸውን ወደ ወጥ ቤት ቢላዋና ወደ እርሻ መሣሪያ አዞሩ። ሳካይ የተባለችው ከተማ ከዚያ በፊትም በትምባሆ መክተፊያ ቢላዋዋ የታወቀች ነበረች፤ የሾገኑ መንግሥት ለቢላዋዋ የጥራት ማኅተም ሰጥቷት ነበር። በሳካይ አንዱ ይቀጠቅጣል፣ ሌላው ይስላል፣ ሦስተኛው እጀታ ያስገባል። በመጨረሻ ቢላዋው ላይ የሚቀረጸው ግን ብዙ ጊዜ የቀጥቃጩ ሳይሆን የአከፋፋዩ ነጋዴ ስም ነው። ቀጥቃጩ በተከበረበት አገር እንኳ ነጋዴው ስሙን ሊሸፍንበት ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ነገሩ ስለ ጃፓን መሆኑ ቀረና ስለ ሱቄ ሆነ።

ማን ይጻፍ?

በእያንዳንዱ ቢላዋ ላይ የሠሪው ስም እንዲመታ አሰብኩ። ትንንሽ ፊደል የተቀረጸባት የብረት መምቻ አሠራሁና ዕቃ ለሚያመጡልኝ ቀጥቃጮች ነገሩን አቀረብኩ። ሁሉም ደስ ይላቸዋል የሚል ግምት ነበር፤ መልሱ ግን አንድ ዓይነት አልሆነም።

በዕድሜ የገፉት ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ደግ አስበሽ ነው» አሉኝ። «ግን ስሜ ቢላዋው ላይ ካለ ቢላዋው በገባበት ቤት ሁሉ እኔም ገባሁ ማለት ነው። የዚያ ቤት ልጅ ሆዱን ያመመው ቀን ማንን ያነሣሉ?»

«ጋሼ፣ ዘመኑ እኮ ተለውጧል» አልኳቸው።

«ተለውጧል» አሉ። «ለዚህ አይደል ፊት ለፊት የማይሉኝ!»

ይህን የሚመልስ ታሪክ አላገኘሁም። ስም ክብር ነው ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ለእሳቸው ግን ስም ማለት መታወቅ ነው፣ መታወቅም መጠቆም ነው። በልሙጡ ብረት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተጠልለውበታል። እኔ ውርደት ብዬ ያየሁት ልሙጥነት ለእሳቸው ሰገባ ሆኖላቸው ኖሯል።

ሁለተኛው ወጣት ነው። «ስልክ ቁጥሬንም ጨምሪበት» አለኝ እየሳቀ። ይህን የሰማች አንዲት የንግድ ወዳጄ «አብደሻል? ገዢው በቀጥታ እሱ ዘንድ ሲሄድ አንቺ ሱቅሽን ትዘጊያለሽ» አለችኝ። ሥጋቷ ከንቱ አልነበረም። ሻጭና ገዢ ሠሪውን ሳያውቁት ሲቀሩ ከዚያ አለማወቅ የሚያተርፈው መሐል ያለው ነጋዴ ነው። የሳካይ ታሪክ ያን ጊዜ ነው ትርጉሙ የገባኝ። ጥንት ሰዉ የቀጥቃጩን ስም ያልጠየቀው ስለናቀው ነው፤ ዛሬ እኔ የምደብቀው ለትርፍ ብዬ ከሆነ ውጤቱ ያው ነው፤ ቢላዋው ልሙጥ ይሆናል። ከንቀት የተወለደውን ዝምታ የንግድ ምሥጢር ብዬ ልወርሰው አልፈለግሁም። የወጣቱ ስም ተመታ። ስልኩም በቢላዋው መጠቅለያ ወረቀት ላይ ሰፈረ። በቀጥታ ወደ እሱ የሄዱ ደንበኞች አሉ፤ ትልቅ ካራ ለሠርግ ያዘዙትም ነበሩ። ሱቄ ግን አልተዘጋም። ቤቱ ድረስ የሄደው ገዢ የሌሎቹን ቀጥቃጮች ቢላዋ ለማየት ተመልሶ ይመጣል፤ ለማሳልም ይመጣል።

ሦስተኛው ሁለት ቀን አስቦ መጣ። «የአባቴን ስም ምቺበት» አለኝ። አባቱ ቀጥቃጭ ሆነው ኖረው አልፈዋል። «ለምን የራስህን አታደርግም?» ብለው «እሳቸውን ከእንግዲህ ማንም አይሰድባቸውም» አለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል የሰማሁት ለጀግናና ለባለጸጋ ነበር። በሕይወቱ ሳለ ስሙን ደብቆ የኖረ ሰው ከሞተ በኋላ በወጥ ቤት ቢላዋ ላይ ስሙ ሲወጣ ግን ተረቱ ሌላ ክብደት አለው።

እንግዲህ ዛሬ በሱቄ መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓይነት ቢላዋ ተሰልፏል፤ የሠሪው ስም ያለበት፣ የሠሪው አባት ስም ያለበትና ልሙጥ። የሱቁ ስም በአንዱም ላይ የለም። ልሙጡን የሚገዛ ሰው «ይህስ የማን ነው?» ሲለኝ «ስማቸውን መናገር ያልፈለጉ የአንድ ትልቅ ባለሙያ» እላለሁ። አንዳንዱ ይገረማል፣ አንዳንዱ ነገሩ ይገባውና ዝም ይላል።

በ1998 ዓ.ም. የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 501 ነው። በዚህ ሕግ አንድ ቀጥቃጭ ምልክቱን አስመዝግቦ ሌላው እንዳይመታበት ሊያስጠብቅ ይችላል። ከምኒልክ አዋጅ እስከዚህ ሕግ 98 ዓመት አለ። የመጀመሪያው ቀጥቃጩ እንዳይሰደብ ከለከለለት፤ ሁለተኛው ስሙ ንብረቱ እንዲሆን ፈቀደለት። ወጣቱ ይህን ስነግረው ምልክቱን ሊያስመዘግብ ወረቀት ማሰባሰብ ጀምሯል። ሽማግሌው ግን ሁለቱንም አዋጅ አዳምጠው ሲያበቁ «ደግ ነው» ብለው ወደ ወናፋቸው ተመለሱ።

በእሳቸው አልፈርድም። ሁለት አዋጅ ያልሰበረውን ነገር በአንዲት የፊደል መምቻ እሰብራለሁ ማለት ድፍረት ይሆናል። ስም መጻፍ መብት የሚሆነው አለመጻፍም መብት ሲሆን ነው። እሳቸውን ከሥጋት የሚያወጣቸው የእኔ ሱቅ ሳይሆን ቢላዋቸው የሚገባበት ቤት ነው፤ ልጅ ሲታመም ሐኪም ጋ የሚሄድ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ ዘር የማይቆጥር ቤት። ያ እስኪሆን ድረስ በየወሩ የሚያመጡልኝን ቢላዋ ተቀብዬ፣ ስለቱን በጣቴ ሞክሬ፣ ከባለ ስሞቹ እኩል ዋጋ አስቀምጠዋለሁ። በስለት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።